ዋጋ ሊሆን የተሠራ ካርታ

«ጂኒየስ» የተባለው ካርታ በራሱ ምንም አይሠራም። ጠላት አይመታም፤ ቁስል አያሽርም፤ ሤራ አያከሽፍም። ሌላ ካርታ ለማውጣት ክፍያ ሲጠየቅ ይጣላል፤ ሲጣል እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ በቃ። «ኢነርጂ»ና «ስትሬንግዝ»ም እንደዚያው ናቸው። ዴክ፣ ማለትም የሚጫወትበትን የካርታ ክምር፣ መሥራት የገባው ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስገባው እነዚህን ሦስቱን ነው፤ ባለ ስሙንና ባለ ጡንቻውን ከዚያ በኋላ ያስብበታል። እኔን ከዚህ ቀደም በስብከት ያላገኘሁት ጥያቄ የያዘኝ እዚህ ላይ ነው፦ በጎ ሥራ ሲሠራ፣ ሥራው የሠሪው ነው ወይስ ሠሪው እንዲሠራ ዋጋ ሆኖ የተከፈለው?

ጨዋታው «ማርቭል ቻምፒየንስ» ይባላል። እኅቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ ለሚኖሩት የወንድማችን ልጆች ያመጣችው ነው። በፈረንጆች 2019 ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ የተባለ ኩባንያ አወጣው። ከአንድ እስከ አራት ሰው ይጫወተዋል፤ ተጫዋቾቹ ግን እርስ በርስ አይጋጠሙም። ባላጋራው የራሱ የካርታ ክምር አለው፤ ሲመታና ሲያሤር ከዚያ በሚገለጥ ካርታ ይበረታል። ወይ ሁላችን እናሸንፋለን፣ ወይ ሁላችን እንሸነፋለን። በገበጣና በሰንጠረዥ ላደገ ሰው ይኸው ራሱ እንግዳ ነገር ነው።

እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይይዛል። ዴኩ ከ40 አያንስም፣ ከ50 አይበልጥም። 15ቱ ከጀግናው ጋር የመጡ ናቸው፤ አይነኩም። ቀሪውን ተጫዋቹ ይመርጣል፤ ምርጫውም በጨዋታው ዋና ሣጥን ካሉት አራት መንገዶች፣ ማለትም ከጥቃት፣ ከፍትሕ፣ ከመሪነትና ከጥበቃ፣ በአንዱ ይወሰናል። በዚያ ላይ ለማንም የሚሆኑ የጋራ ካርታዎች ይጨመራሉ። ኋላ ከወጡ ጥቂት ጀግኖች በቀር ፍትሕን የያዘ ጥበቃን አይዝም። እኔ የምይዘው የዋካንዳውን ንጉሥ ብላክ ፓንተርን ነው፤ ንጉሥም ሆኖ የጎደለውን ከጎኑ ከተቀመጠው ይጠብቃል።

ዋናው ነገር ክፍያው ነው። በዚህ ጨዋታ ገንዘብ የለም። አንድ ካርታ ለማውጣት በእጅህ ካሉት ሌሎቹን ትጥላለህ። ስለዚህ ካርታ ሁሉ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ይሠራል፣ ወይ ሌላው እንዲሠራ ይከፈላል። ጀማሪ ውድ ውዱን ይሰበስብና አንዱን ጌታ ለማውጣት አራት ጌቶች ይጥላል። የበሰለው ግን አንድን ካርታ ሲያነሣ «ምን ይሠራል?» ብቻ ሳይሆን «ሲጣልስ ይቆጨኛል?» ብሎ ይጠይቃል። በአንድ ጨዋታ ከሚሠሩት የሚከፈሉት ይበዛሉና።

እንዲህ ያለውን ክፍያ ከጨዋታው በፊት የማውቀው ከትውልድ ቦታዬ ነው። የተወለድኩት ዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ በብቸና በኩል። ዲማ በቅኔ የታወቀ ደብር ነው፤ ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ወርቅ ሌላ እዚያ ተምረዋል። እኔ ከቅኔ መጀመሪያው ከጉባኤ ቃና ብዙም ሳልርቅ አስኳላ ወሰደኝ፤ ሥርዓቱ ግን አልወጣልኝም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከሰው ገለል ይልና ቅኔውን ይቆጥራል። የቆጠረውን ለአስነጋሪው፣ ከዚያም ለየኔታ ይነግራል። የቀናው ይቀናል፣ የተረፈው ይፈርሳል። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ነው፤ ወደ መወድስ ሲደርስ ስምንት። የትናንቱን ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። እንዲህ የሚውል ሰው አያርስም፣ አያጭድም። አኩፋዳውን አንግቶ፣ በዱላው ውሻ እየመከተ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባልቴቷ ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች።

ያቺ ባልቴት ግእዝ አታውቅም። ልጁ አድጎ ሚያዝያ 23፣ በጊዮርጊስ ንግሥ፣ ቅኔ ሲዘርፍ ብትሰማው እንኳ ሰሙም ወርቁም አይገባትም። አንዴ ተብሎ በሚያልፈው በዚያ መወድስ ውስጥ ግን እንጀራዋ አለ። ሊቃውንቱ የባለቅኔውን ስም ይጠራሉ፤ የመምህሩን ስም ይጠራሉ፤ የዋሸራ ነው፣ የጎንጅ ነው ብለው ቤቱን ይለያሉ። የእንጀራዋን ቤት የሚለይ የለም።

ይህን ከወንፈል ጋር መቀላቀል አይገባም። ወንፈል ይቆጠራል፤ ዛሬ እኔ ከማሳህ ከዋልኩ ነገ አንተ ከማሳዬ ትውላለህ። አላቃልለውም፤ ብዙ የጎጃም ማሳ የታረሰው በእሱ ነው። ነገር ግን ብድር ነው፤ ብድሩ ካልተመለሰ ይቋረጣል። የባልቴቷ እንጀራ የሚመለስበት መንገድ የለውም። «ዋጋዋን በሰማይ ታገኛለች» የሚሉኝ አሉ። ልክ ይሆኑ ይሆናል፤ ግን እንዲህ ካልን ከሰማይ ጋር የተገባ ወንፈል አደረግነው። እኔ ደጅ ቆሜ የተቀበልኩ ነኝ። ሰጪዎቹ ሒሳብ የያዙ አይመስሉም ነበር፤ አንዳንዶቹ የማንን ልጅ እንደመገቡ እንኳ ቀና ብለው አያዩም። ወንጌል ላይ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለትም ሳስብ የሚታየኝ ይኸው ነው፤ ሳንቲሙ ምን እንደተገዛበት አልተጻፈልንም።

እዚህ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። ለሌላው መከፈል ክብር ነው የሚለውን ስብከት አብዝተው የሚወዱት ብዙ ጊዜ ራሳቸው የማይከፈሉት ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ መሬቴ ተለክቶ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ሰግቶ ነበር። ስስታም ስለነበረ አይመስለኝም፤ ያው ገበሬ ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚሰጠው ነው። አንዱን ፈቅዶ ይሰጣል፤ ሌላው ግን ሳይጠየቅ ተቆጥሮበታል። ልዩነቱ ይህ ከሆነ የ«ጂኒየስ» ካርታ ምሳሌነት ይፈርሳል፤ ካርታ አይጠየቅም፣ አይፈቅድም። ወረቀት ነው።

እንግዲህ በጨዋታው ውስጥ ፈቃድ ያለው የት ነው? ስትጫወት አይደለም። ስትጫወት እጅህ የገባው ዕጣ ነው፤ ሲበወዝ የመጣልህን ታወጣለህ ወይ ትጥላለህ። ፈቃድ ያለው ዴኩ ሲሠራ ነው። አደጋ ሳይመጣ፣ ማንም ሳይቸኩልብህ፣ ካርታዎቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግተህ ለማን እንደምትሆን የምትወስነው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ከመንገዶቹ መሪነትን ነው የመረጥኩት። «ማሪያ ሂል» ስትገባ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርታ ይስባል። «ሄሊካሪየር» ሦስት ያስከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ የአንዱን ተጫዋች ቀጣይ ካርታ ዋጋ በአንድ ይቀንሳል። «አቬንጀርስ ማንሽን» አራት ያስከፍላል፤ በየዙሩ ለመረጥነው ሰው አንድ ካርታ ይሰጣል። ብቻዬን ስጫወት የሁሉም ጥቅም ለእኔው ነው። ሦስት ስንሆን ግን ከወንድማችን ልጆች ወደ ልጅቷ ይሄዳል፤ እሷ የምትይዘው ሺ ሀልክን ነው፣ ሺ ሀልክ ደግሞ በጀግንነት መልኳ ሳለች እጇ አራት ካርታ ብቻ ይይዛል። ዴኬ ከአርባ እንዲያልፍ አልፈልግም፤ ክምሩ በበዛ ቁጥር የምትፈልገው ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። መጥፎዎቹ ገና በመጀመሪያው ሰሞን አልቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ሁሉ መልካም ነው። «ቪዥን» እንኳ ወጥቷል፤ ብርቱ አጋር ነው፣ ግን ብርታቱ ለእኔ ብቻ ነበር።

ሺ ሀልክ ባላጋራውን ራይኖን ስትጥለው ልጆቹ ይጮኻሉ፤ ስሟን ይጠራሉ። ያን ካርታ ማን እንዳስሳባት፣ ዋጋውን ማን እንዳቀለለላት የሚያነሣ የለም። እውነት ለመናገር ትንሽ ቅር ይለኛል። የዲማዋ ባልቴት እንዲህ ቅር ብሏት ያውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት እሷም በልቧ «ይህ ልጅ ጠግቦ ሰነፈ» ትል ይሆናል፤ ቅድስት አላደርጋትም።

ሰሞኑን ቤታችን ያለው ክርክር «ኒክ ፊዩሪ» ስለተባለው አጋር ነው። አራት ያስከፍላል። ሲገባ ወይ ሤራ ይቀንሳል፣ ወይ ሦስት ካርታ ያስስባል፣ ወይ ጠላትን ይመታል፤ ዙሩ ሲያልቅ ይሄዳል። ልጁ ሁልጊዜ የባላጋራውን ጡጫ እንዲቀበል ከፊት ያቆመዋል። ሕጉ ይፈቅዳል፤ አጋር ከተከላከለ ጉዳቱ በሙሉ የእሱ ነው። «ለማንኛውም ሊሄድ አይደል እንዴ ጋሼ!» ይላል። እኅቱ ደግሞ «ሊሄድ ከሆነ ምን አጥፍቶ ተመትቶ ይሄዳል?» ብላ ጡጫውን ራሷ ትቀበላለች፤ ሺ ሀልክ 15 ነፍስ አላት፣ ትችለዋለች። በዚህ የተነሣ የተሸነፍንበት ጊዜ አለ። ከዴኬ ላውጣውና ክርክሩ ይብቃ ብላቸው ሁለቱም እንቢ አሉ።