ስም ያወጣ ማን ነው?

አዳም ለእንስሳትና ለአዕዋፍ ስም እንዳወጣላቸው በኦሪት ተጽፎ እናነባለን። ስም መስጠት ሥልጣን ነው፤ ነገር ግን ሥልጣኑ አደራ ነው እንጂ ርስት አይደለም።

በ1825 ዓመተ ምሕረት ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል፥ የፍራንክፉርት ተወላጅ የሆነ የሥነ ፍጥረት መርማሪ በጎንደር ተቀምጦ ነበር። ከጣና ባሕር ዓሣዎችን ሰብስቦ ወደ አገሩ ወሰደ፤ አንዱንም የአገሩ ሰው እንደሚጠራው «በሶ» ብሎ በመጽሐፍ ጻፈው። ይህ ስም እስከ ዛሬ በዓለም ሊቃውንት መዝገብ ይገኛል። በአጠገቡም የሩፔል ስም ተጽፏል፤ «በሶ» ብሎ የነገረው ሰው ስም ግን የለም።

እንግዲህ እንግዳው በደለን ልንል ይገባናልን? አንቸኩል። እርሱስ ጠይቆ የሰማውን ጻፈ። እኛ ግን በጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን ወይጦዎች፥ የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበርና፥ ስንጸየፋቸው ኖርን። የቀደመ ቋንቋቸውም ሊቃውንቶቻችን ሳይጽፉት ጠፋ።

በወረታ ቆሞ የፎገራን ሜዳ የሚመለከት ሰው ይህን ያስብ። በክረምት ብዙ የጣና ዓሣዎች እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚመጣውን ዘር ያጠፋል። ይህንንም ለመከልከል የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ በባሕሩ የሚኖረውን አጥማጅ ይጠይቅ፤ ያልተጠየቀ ሰው አደራ ተቀባይ አይሆንምና።

ዕውቀት የጠያቂውም የመላሹም ነው። ስለዚህ እንግዳው የመላሹን ስም ይጻፍ፤ ጎረቤቱም ከእንግዳው ቀድሞ ይጠይቅ።