የተገለበጠ ኮት

ባለፈው ክረምት ነው። ካሠራሁት ገና ዓመት ያልሞላው ኮቴ በብብቱ በኩል ገበሩ ተተረተረብኝ። ጣቴን ሰድጄ ብዳብስ፣ በገበሩና በላዩ ጨርቅ መካከል ያለው ሸራ ከሌላ ሰው ኮት የወጣ ሆኖ አገኘሁት። የድሮው ኪስ የስፌት ምልክት እንኳ አልጠፋም። አዲስ ብዬ የከፈልኩበት ልብስ ሆዱ አሮጌ ነው ማለት ነው!

ኮቱን ጠቅልዬ ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ገሰገስኩ። ሰውዬው አልካደም፤ አልደነገጠምም። መነጽሩን አስተካክሎ ኮቱን አገላብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሸራ ዛሬ ከሚሸጠው አዲሱ ይጠነክራል። መጣሉን ሆዴ አልችል ብሎ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ብነግርዎ ኖሮ ይወስዱት ነበር?»

መልስ አጣሁ። ይህን የምጽፈውም ያን ዕለት ያጣሁትን መልስ ፍለጋ ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። አሮጌውን አዲስ ብሎ የሸጠ አታሏል፤ አለቀ። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ መደበቅ ያስፈለገው ለምንድን ነው? አሮጌን ጨርቅ መልሶ መሥራት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

የእኛ ሸማ ከአሠራሩ ጀምሮ ብክነት አያውቅም። ሸማኔው በሚፈለገው ወርድና ቁመት ይሸምነዋል። ነጠላው ሁለት፣ ጋቢው አራት እጥፍ ሆኖ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማል እንጂ በመቀስ እየተቆረጠ የሚጣል ነገር የለውም። ሲያረጅም ነጠላው የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያ ማጥለያ፣ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ነው የሚያልቀው። በየመንደሩ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ልጅ አሮጌ ልብሳችንን በዕቃ ለውጦ ወደ ገበያ ይመልሰዋል። በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሌላው የጣለው ነገር እንደገና ዕቃ ይሆናል። ኮት ሲወይብ ደግሞ ተፈትቶ በውስጡ በኩል ይገለበጥ ነበር። የተገለበጠ ኮት ይታወቃል፤ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራልና። አባቴ እንዲህ ያለ ኮት ነበረው። በልጅነቴ እሱን ለብሶ ትምህርት ቤት ሲመጣብኝ አፍር ነበር። ነውሩን የፈጠርነው እንግዲህ እኛው ነን።

ዛሬ አዋቂዎቹ ይህንን ልማድ «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» ይሉታል። ዕቃ ተሠርቶ፣ አገልግሎ፣ ተጥሎ በማለቅ ፈንታ ዞሮ ወደ ሥራ እንዲመለስ ማለት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን ጥናት ለልብስ ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ውስጥ ተመልሶ ልብስ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንደማይሞላ ገልጿል። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ጥጥና ፖሊስተር አንድ ላይ ከተፈተሉ በኋላ መለየቱ አስቸጋሪ ነው። ንጹሕ ጥጥ ቢሆንም እንኳ ጨርቁ በማሽን ሲፈታ እየተበጣጠሰ ስለሚያጥር፣ አዲስ ጥጥ ካልታከለበት ጠንካራ ክር አይወጣውም። ስለዚህ የሚሻለው ልብሱን መጠገን፣ አለዚያም ያልተጎዳውን ክፍል እንዳለ መልሶ መጠቀም ነው። ያ ልብስ ሰፊ ያደረገውም ይህንኑ ነው!

ትናንሽ ልብስ ሰፊዎችንና ሸማኔዎችን በዚህ መንገድ እንርዳ የሚሉ ሰዎች ሲነሱ ደስ ይለኛል። እሰጋለሁም። «አትጣሉ» ብሎ ለማስተማር ብቻ ከሆነ ነገሩ «ለቀባሪው አረዱት» ነው። ልብስ ሰፊው ዕውቀት አልጎደለውም። የጎደለው ሥራውን በግልጽ የሚገዛው ሰው ነው። አሮጌ ኮት በስፌቱ መስመር ፈትቶ፣ አጥቦና ተኩሶ ሸራውን ማውጣት አዲስ ገዝቶ ከመቁረጥ የበለጠ ሰዓት ይፈጃል። የዚህን ድካም ዋጋ ማን ይክፈል? ደንበኛው «አሮጌ ከሆነማ ቀንስ» ይላል። እንግዲህ እውነቱን የተናገረ ይከስራል፤ የደበቀ ያተርፋል። በእንዲህ ያለ ገበያ ቁጠባን ብቻ መስበክ ሳይታወቀን ውሸትን ማስተማር ነው።

ይህን ስል ሰውዬውን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። የእኔ ነውር ፈሪነት መደበቁን ያስረዳል እንጂ ትክክል አያደርገውም። ምን እንደሚለብስ ማወቅ የገዢው መብት ነው። የሚጠቅመኝን ቢመርጥልኝም በእኔ ፈንታ ወስኗል። ግን ዕዳው የሁለታችንም ነው፤ የእሱ መናገር፣ የእኔ ደግሞ ሰምቶ መክፈል።

እርዳታ ከተባለ ይህን ዕዳ የሚያቃልል ይሁን። ፈረንሳይ በኖቬምበር 2023 በጀመረችው ደንብ ልብሱን ለሚያስጠግን ሰው እንደ ጥገናው ዓይነት ከ6 እስከ 25 ዩሮ ከሒሳቡ እንዲቀነስለት አደረገች። ገንዘቡም ልብስ ለገበያ ከሚያቀርቡት ድርጅቶች የሚሰበሰብ ነው። እኛ ለዚያ ባንበቃ እንኳ ከትንሹ መጀመር እንችላለን። የአንድ ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት አይሞላም። የሃያው ግን፣ ጥጡ ለብቻ ፖሊስተሩ ለብቻ ተለይቶ ከተጠራቀመ፣ ለትራስና ለፍራሽ መሙያ የሚሸጥ ሸክም ይወጣዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ከሁሉም በፊት ግን በልብሱ ውስጥ ምኑ አዲስ፣ ምኑ አሮጌ እንደሆነ የምትናገር አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ትሰፋ።

ከልብስ ሰፊው ጋር የታረቅነው በዚህ ነው። ገበሩን ጠገነልኝ፤ ከውስጥ ኪሱ በላይም «ሸራው የቆየ፣ ስፌቱ አዲስ» ብሎ በክር ጻፈልኝ። የድካሙን ከፈልኩ። ጥያቄውን የመለስኩለት መስሎኝም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

በጥር የእህቴ ልጅ ስትዳር ያንኑ ኮት ለብሼ ሠርግ ሄድኩ። አዳራሹ ይሞቅ ነበር። ሰዉ ሁሉ ኮቱን እያወለቀ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለ። እኔ ግን ያቺ ጽሕፈት እንዳትታይብኝ ቆልፌው፣ በላብ ተጠምቄ ዋልኩ።