የብርሃን ተካፋይ የሸክም ተካፋይ ይሁን

ሰው በኅብረት ሊኖር ተፈጥሮአልና የአንዱ ጥቅም ከሌላው ድካም ተለይቶ አይገኝም። ውኃ የሚጠጣ ሰው ጕድጓዱን የቈፈረውን፣ እንጀራ የሚበላም ያረሰውን ካላሰበ፣ ኅብረቱ የአፍ ብቻ ይሆናል። በዘመናችን ይህ ኅብረት ከሚፈተንባቸው ጉዳዮች አንዱ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ብርሃኑን ሁሉ ይሻዋል፤ የብረቱ ምሰሶና የማከፋፈያው ጣቢያ ግን በደጁ እንዲተከል የሚወድ ጥቂት ነው። እንግዲህ መስመሩ በመሬታችን አይለፍ ብሎ የሚቃወም ሕዝብ ራሱን ወዳድ ነውን? ወይስ መብቱን ጠያቂ?

በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ ክፍለ ግዛት የሆነው ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ሁለት የገጠር የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኖርዝ ዳኮታ በድንጋይ ከሰል የሚመነጨውን ኃይል ለማምጣት 700 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ዘረጉ። ገበሬዎቹ ግን ስለ ማሳቸውና ስለ ጤናቸው ሰግተው፣ ውሳኔውም ያለ ፈቃዳቸው መሆኑ አሳዝኖአቸው ተቃወሙ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በገበሬዎቹ ላይ ፈረደ፤ በ1978 መጀመሪያ አገረ ገዥው ከ200 የሚበልጡ ፖሊሶችን ላከ፤ በዚያው ዓመት ምሰሶዎች በሌሊት ይገነደሱ ጀመር። በ1979 መስመሩ ሥራውን ጀመረ፤ ቂሙ ግን አልበረደም። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ እንዲህ ያሉ ማኅበራት የገጠሩ ሕዝብ ብርሃን እንዲያገኝ የተቋቋሙ መሆናቸው ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ነገር ሁለት ነገሥታትን ያሳዩናል። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ተመኝቶ የተሻለ ምትክ ወይም ዋጋውን ሊሰጠው ጠየቀው፤ ናቡቴም የአባቶቹን ርስት አሳልፎ ለመስጠት እምቢ ስላለ በሐሰት ምስክር ተገደለ። እንግዲህ የአክዓብ በደል ዋጋ አለማቅረቡ አይደለም፤ እምቢታን ለመስማት አለመታገሡ ነው። ዳዊት ግን መቅሠፍት ከሕዝቡ እንዲርቅ በኢያቡሳዊው በኦርና አውድማ መሠዊያ ሊሠራ በወደደ ጊዜ፣ ኦርና ሁሉን በነጻ ቢሰጠውም ራሱ ያልከፈለበትን ለአምላኩ ሊያቀርብ ስላልወደደ በ50 ሰቅል ብር ገዛው። የሕዝብ ጥቅም እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ዋጋውን ጥቅሙን የሚሻው ሊከፍል እንጂ በባለመሬቱ ላይ ሊጥለው እንዳይገባ ከዚህ እንማራለን።

ምናልባት፣ የሁሉ ፈቃድ ከተጠበቀ አንዳች ሥራ አይፈጸምም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በጨለማ የምትወልድ እናት ብርሃን ያስፈልጋታል፤ ይህም እንደ አክዓብ የጓሮ አትክልት አይደለም። ስለዚህ ተቃዋሚውም መመርመር ይገባዋል። መመርመሪያውም፣ በእኔ ላይ ካላለፈ በማን ላይ ይለፍ? የሚለው ጥያቄ ነው። አፍ በሌለው ድኻ ላይ ይለፍ የሚል ከሆነ፣ ተቃውሞው ራስን መውደድ ነው። የሚያንሰው ጉዳት ይመረጥ፣ አስቀድሞም እንመካከር የሚል ከሆነ ግን ስለ ባልንጀራውም ይናገራል። ምሰሶ የሚገነድስ ደግሞ፣ ያልበደለውን በሽተኛ ቤት ያጨልማልና ከተበዳይነት ወደ በዳይነት ይሻገራል።

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ባለይዞታዎች አስቀድመው እንዲመከሩና ካሣ እንዲከፈላቸው ያዛል። ነገር ግን ሕግ የካሣውን ልክ ይወስናል እንጂ ባልንጀራን መውደድን በልብ አያሳድርም፤ ይህ የእኛ የመምህራን ሥራ ነው። እኛም ራሳችንን እንመርምር። ቅኔ ማኅሌታችን በኤሌክትሪክ እየበራ፣ ምሰሶው ከቤተ ክርስቲያን ይዞታ ወደ መበለቲቱ ማሳ ይዛወር ብንል፣ ብርሃኑን ወስደን ጥላውን ለእርስዋ መተዋችን ነው። ስለ መቃብራችንና ስለ ዐፀዳችን ክብር እንደምንከራከር፣ ስለ እርስዋም ማሳ በዚያው ድምፅ ልንከራከር ይገባናል።

ብርሃንን የፈጠረ አምላክ ሸክምን የሚካፈል ልቡና ለሁላችን ያድለን፤ አሜን።