በጸሎታችን ያልጠራነው እረኛ



በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ ከጎንደር ተነሥተን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ልንጎበኝ ሄድን። እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም ጠብመንጃ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ አብሮን ተሳፈረ። ሳንቃ በር ስንደርስ ጭላዳዎች ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ እኛን ከምንም አልቈጠሩንም።

ከሳንቃ በር አልፈን የጅንባርን ፏፏቴ ፊት ለፊት ወደሚያሳየው አፋፍ በእግር ሄድን። ውኃው ወደ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራልና ከታች ሳይደርስ ጉም የሚሆን ይመስላል። ከመካከላችን ገደል የሚፈሩት በሆዳቸው ተኝተው ነበር የተመለከቱት፤ ስማቸውን አንጠራም። በዚያ ቆመን የምስጋና ጸሎት አደረስን። ስለ ገደሉ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጅብራው፣ ስለ ጭላዳው፣ እንዲሁም ከስሜን ተራሮች በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር ስለሌለው ስለ ዋልያ ፈጣሪን አመሰገንን። ዋልያውን ግን ያን ቀን አላየነውም።

ያየነው እረኛ ነው። ዕድሜው ዐሥር ቢሆነው ነው፤ ጥቂት በጎች ይዞ ጸሎታችን እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እኛም የተማርነውን ልናስተምረው ቸኰልን። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. እንደ ተከለለ፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት እንደ ተመዘገበ፣ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገብቶ እንደ ቈየ፣ እርሻና ግጦሽም ዋልያውን እንደሚያሳድደው ነገርነው። ልጁ በትሕትና አዳምጦ ሲያበቃ ከእኛ ታላቅ የሆነውን፣ «እሺ ጋሼ፤ ታዲያ በጎቹን የት ላሰማራቸው?» አለው።

ዳቦ ሰጠነው። መልስ ግን አልነበረንም።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ በመዝሙር 103 ዳዊት ከፍተኛውን ተራራ የሚሰጠው ለሰው አይደለም፤ ለዱር ፍየል ነው። ይህን ይዘን ልጁን ልንረታው እንችል ነበር። ነገር ግን በዚያው መዝሙር ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ማለዳ ወጥቶ እስኪመሽ የሚደክመው ሰው አለ። ነቢዩ ሁለቱን በአንድ ምስጋና አኖራቸው፤ እኛ አንዱን መርጠን አመሰገንን። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2ም ለአዳም የታዘዘው ገነትን እንዲያለማና እንዲጠብቅ ነው። ከተሜ የሆንነው መጠበቁን ብቻ እንወደዋለን፤ ማልማቱ የሚያደክመው ሌላውን ነውና።

ጥበቃው ለዋልያው አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ያስፈልጋል። ነገር ግን ዋጋውን ማን ከፈለ? በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ቀዬውን ለቅቆ ደባርቅ ከተማ ሰፍሯል። እኛ ስንመለስ በዚያች ከተማ ሻይ ጠጥተን፣ ስለ ፏፏቴው እየተጫወትን አለፍን። እነዚያ ሰዎች እዚያ መሆናቸውን ያወቅነው ጎንደር ከገባን በኋላ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ የጉዞው ሪፖርት ሲቀርብ ከእኛ አንዷ የእረኛው ጥያቄ በቃለ ጉባኤው ይግባ አለች፤ ገባም። መልሱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተብሎ አደረ፤ እስከ ዛሬም አልተጻፈም።