ከልጅ የተወሰደ ብድር

በ2012 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቈጣጠር 2020) የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ የእስፓንያ መንግሥት ከመጋቢት 5 ቀን ጀምሮ ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዘ። ምግብና መድኃኒት ለመግዛት፥ ወደማይቀር ሥራም ለመሄድ ተፈቀደ፤ ውሻ ያለውም ሰው ውሻውን ወደ ደጅ ከማውጣት አልተከለከለም። ልጆች ለጨዋታ ይውጡ የሚል ቃል ግን በዐዋጁ አልነበረም። 43 ቀን በቤት ከቆዩ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን ከ14 ዓመት በታች ያሉት ከአንድ ታላቅ ሰው ጋራ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው፤ የመጫወቻው ስፍራ ግን እንደ ተዘጋ ነበረ። በእንግሊዝ አገርም መጋቢት 14 ቀን የተዘጋው የልጆች መጫወቻ እንዲከፈት የተፈቀደው ሰኔ 27 ቀን ከመጠጥ ቤት ጋራ ነው፤ የልብስና የጫማ ሱቅ 19 ቀን ቀድሞት ነበር።

ይህ ከጭካኔ የመጣ ነው ማለት አይገባም። ሆስፒታሉ በበሽተኛ ሞልቶ፥ ሽማግሌዎችም በብዛት ሲሞቱ ያየ ሹም ቢፈራ አይነቀፍም። የሚመረመረው ሚዛኑ ነው። የውሻው መውጣት ግድ ሲባል የልጁ ሩጫ ስለ ምን እንደ ትርፍ ነገር ተቈጠረ? ነጋዴ አቤት ይላል፤ ልጅ ግን አቤት የሚልበት አደባባይ የለውም። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ1982 ዓመተ ምሕረት የተቀበለው የሕፃናት መብት ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ መጫወት የልጅ መብት መሆኑን ይናገራል። ልጅ ተራ መጠበቅን፥ መሸነፍን፥ ተጣልቶም መታረቅን የሚማረው በጨዋታ ነውና፤ ይህንም በመስኮት አሻግሮ በማየት አይማረውም። ታላቅ ሰው ያቋረጠውን ንግድ ዘግይቶ ይቀጥላል፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን ያን ዕድሜ ተመልሶ አያገኘውም።

በሽታው ልጆችን እንደ ሽማግሌዎች አልጐዳም፤ ስለዚህ የልጆች በቤት መዘጋት ይልቁን ስለ ሌላው ሕይወት የተከፈለ ዋጋ ነበረ። ስለ አያቱ ሕይወት የልጅ ልጅ ቢታገሥ መልካም ነው። ነገር ግን ፈቅዶ የሰጠ ሰው ለጋስ ሲባል፥ ሳይጠየቅ የተወሰደበት አበዳሪ ነው፤ የወሰደውም ባለ ዕዳ ነው። የሙት ልጅ ሞግዚት በክፉ ቀን ከልጁ ገንዘብ ቢያወጣ ሰው አይፈርድበትም፤ ክፉው ቀን ሲያልፍ ግን ከሌላው ዕዳ አስቀድሞ የልጁን ካልመለሰ አደራ በላ ይባላል።

እንግዲህ መቅሠፍት ተመልሶ ቢመጣ፥ መዝጋትም ግድ ቢሆን፥ የልጆች ሜዳ በመጨረሻ የሚዘጋ፥ በመጀመሪያም የሚከፈት ይሁን።