ደቦ መጥራት ስላልቻሉ እናት

በኅዳር ወር ከአምቦ ተነሥቶ ወደ ጉደር የሚጓዝ ሰው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማጭድ የያዙ ሰዎች በአንድ መስመር ጎንበስ ብለው ጤፍ ሲያጭዱ ያያል። አንዱ ያዜማል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የማሳው ባለቤት ከኋላ እየተከተለ ነዶ ያስራል፤ ከወደ ቤቱ ደግሞ ሴቶች ምግብና መጠጥ ይዘው ይመጣሉ። ከአጫጆቹ መካከል በገንዘብ የተቀጠረ የለም። ይህ ደቦ ነው።

ከዚህ የቆየ ልማድ ጋር አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አብሮ ይኖራል። በሰው ማሳ ላይ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው በእርግጥ የሚሰጠው ምንድን ነው? የሚሰጠውስ ለማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር። እንድመረምረው ያስገደደኝ የገዛ ስሕተቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሃያ የሚሆኑ የከተማ ወጣቶችን አስተባብሬ፣ ከከተማው ወጣ ብለው ወደሚኖሩ አንዲት መበለት ማሳ ወሰድኋቸው። የእኚህ እናት ጓዳ ከገበያ የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ አልፎ አልፎም ቡና። ከቤታቸው በስተጀርባ እንሰት፣ ጎመንና ጌሾ አላቸው፤ ከፊት ለፊት ከአንድ ጥማድ እምብዛም የማይበልጥ የጤፍ ማሳ፤ አንዲት ላምና ጥቂት ዶሮዎች። ማዳበሪያ አይገዙም፣ ፀረ አረምም አያስረጩም። ከወጣቶቹ አንዱ፣ ኬሚካል ስለማይነካው እርሻ በትምህርት ቤት የተማረ፣ ይህን አይቶ በአድናቆት ቢያመሰግናቸው፣ «ልጄ፣ ብር ቢኖረኝ መች እተወው ነበር!» ብለው ሳቁ።

እስከ እኩለ ቀን አጨድን። አምቦ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ትምህርት የሚሰጥባት ከተማ ናት፤ ያም ሆኖ ከወጣቶቼ መካከል ከዚያ ቀን በፊት ማጭድ የጨበጡት ሦስት አይሞሉም ነበር። ያልለመደ እጅ ደግሞ ፍሬውን ያረግፋል፤ የጤፍ ፍሬ አንዴ ከመሬት ከወደቀ ተለቅሞ የሚነሣ አይደለም። ከዚያም ተቀምጠን እንጀራ በሽሮ በላን፣ ጠላ ጠጣን፣ ጸሎት አድርሰን እየዘመርን ተመለስን። በሳምንቱ ከጎረቤት እንደ ሰማሁት፣ እኚያ እናት ለምሳችን የሆነውን ጤፍና ለጠላው የሆነውን ገብስ የተበደሩት ከአዲሱ እህል ሊመልሱ ነበር። እንግዲህ ካጨድንላቸው ላይ ከፊሉን እኛው በልተነው ሄደናል ማለት ነው። የወቀሰን ሰው አልነበረም። እኔ ግን በቀጣዩ እሑድ ስለ ወጣቶቹ በጎ ሥራ ሲነገር ቀና ብዬ ማዳመጥ ተሳነኝ።

በአገራችን ገበሬ ዘንድ የጉልበት መረዳዳት ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው ወንፈል ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ዳዶ ይሉታል። ዛሬ አንተ ለእኔ አንድ ቀን ትሠራለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ አንድ ቀን እሠራለሁ፤ ቀኑ ይቈጠራል። ሁለተኛው ደቦ ነው፤ በዚህ ቀን አይቈጠርም፤ ጠሪው አብልቶና አጠጥቶ ያሠራል፣ ውለታውም በልብ ይቀመጣል። ካቴኪስቶች ስንባል ብዙ ጊዜ ደቦን እያሞገስን ወንፈልን እንደ ንግድ እንቈጥረዋለን። እኔ በዚህ አልስማማም። በወንፈል የድኻው ቀንና የባለጸጋው ቀን እኩል ይመዘናሉ፤ እንዲህ ያለ ሚዛን በሌላ ገበያ አይገኝም።

ነገር ግን ሁለቱም በር አላቸው። የወንፈል በር የሚከፈተው ብርታት ላለው ነው፤ ቀን የተቀበለ ቀን መመለስ አለበትና። የደቦ በር የሚከፈተው እህል ላለው ነው፤ ባዶ ጓዳ ሰው አይጠራምና። ብርታትም እህልም የሌለው፣ ይኸውም አሮጊቷ፣ በሽተኛው፣ ወላጅ የሌለው ልጅ፣ ከሁለቱም ደጃፍ ቆሞ ይቀራል። በእርግጥ ጎረቤት ተሰብስቦ ለታመመ ሰው ሳይጠራ የሚያርስበት ቀዬ አለ፤ ይህን ክጄ አልናገርም። ሆኖም ይህ የሚደረገው በሰዎች ደግነት ነው፤ ደግነቱ የቀዘቀዘ ዕለት ችግረኛው የሚጠይቅበት ደንብ የለውም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንላለን። ምሳሌው የሚናገረው ከተሸካሚዎቹ ወገን ሆኖ ነው። ሃምሳውን ሰው በአንድ ቀን ለምትቀበል ጓዳስ ጌጥ ናቸው ወይስ ሸክም? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ የሚያዘጋጅ ሰው ብድራቱን ሊመልሱለት የማይችሉትን ይጠራ ዘንድ ያስተምራል። ይህን ትምህርት ዘወትር ለጋባዡ እንሰብከዋለን። በደቦ ቀን ግን ተጋባዡም ሊሰማው ይገባል፤ ጉልበቱን ይዞ የሚሄደው እሱ ነውና። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሰው የሚበዛው ድግሱ በታወቀ ቤት ደቦ ላይ ነው።

ሌላም ያልተቈጠረ ሥራ አለ። የደቦ ቀን ለወንዶቹ አንድ ቀን ነው፤ ለሴቶቹ ግን ሳምንት ያልፋል። ብቅል ይዘጋጃል፣ ጌሾ ይወቀጣል፣ እህል ይፈጫል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ማገዶ ይለቀማል፤ በማግሥቱም ያ ሁሉ ዕቃ ይታጠባል። በማሳው ላይ ስማቸው በዜማ የሚነሣው አጫጆቹ ናቸው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ ባወጡት ዓዋዲ መልእክት፣ የሥራ ክብር መሠረቱ የሥራው ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው መሆኑ እንደሆነ አስተምረዋል። በዚህ ሚዛን ማጭዱና ወንፊቱ እኩል ናቸው። እኛ ያን ቀን ያጨበጨብነው ግን ለማጭዱ ብቻ ነበር፤ የመበለቲቱ ሁለት ሴት ልጆች ከጭሱ ቤት ሳይወጡ ነው የዋሉት።

«በጎ ፈቃድ» የሚለው ስያሜ ሥራው ፈቃድም በጎም እንዲሆን ይጠይቃል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል። በሙሉ ልቡ የሄደ ብዙ ነበር፤ ይሁንና ዘመቻውን መቅረት ትምህርትን ያስከለክል ስለነበር ፈቃዱ ሙሉ ነበር ለማለት አይቻልም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ በእንግሊዝ አገር ሱ ኮፓርድ የተባለች በለንደን በጸሐፊነት የምትሠራ ሴት ሌላ ዓይነት ልማድ ጀምራለች። የከተማ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ኬሚካል ወደማይነካው እርሻ ወጥተው በጉልበታቸው ይረዳሉ፤ ባለ እርሻው ምግብና መኝታ ይሰጣቸዋል። ልማዱ ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። እዚህ ላይ ፈቃዱ ሙሉ ነው፤ ማንም አያስገድድም። ሆኖም እንደ ደቦው ሁሉ እንግዳ የሚቀበለው ማስተናገድ የሚችል ቤት ነው። እዚያ የከተማው ሰው አፈር ፍለጋ ይወጣል፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ የገበሬው ልጅ ከአፈር ሸሽቶ ወደ አምቦ፣ ወደ ሆለታ፣ ወደ አዲስ አበባ ይገባል።

የእጅ ማነስ በእንዲህ ያለ እርሻ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ፀረ አረም የማይረጭበት ማሳ በነሐሴና በመስከረም ጎንበስ ብሎ የሚያርም ሰው ይፈልጋል፤ ማዳበሪያ የማይገዛ ቤት ፍግ የሚሸከም ትከሻ ይፈልጋል። ፍጉ ራሱ ፈላጊው ብዙ ነው፤ እንጨት በጠፋበት ቀዬ ኩበት ሆኖ ከምጣድ ሥር ይነዳል፣ ለእንሰቱ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። ኩበት ማንደድ አፈሩን ያስርበዋል ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ መካሪው እንጀራው በምን እንደሚጋገር ግን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከዩክሬን ጦርነት ጋር ተያይዞ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በናረ ጊዜ ይገዛ የነበረውም እጅ አጠረ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተባለው ዓዋዲ መልእክታቸው፣ አብዛኛውን የዓለም ሕዝብ የሚመግበው በጥቂት መሬትና በጥቂት ውኃ የሚካሄደው አነስተኛ እርሻ መሆኑን አስገንዝበው ነበር። እንዲህ ያለውን እርሻ «ራሱን የቻለ» እያልን እናደንቀዋለን። ባል ሲሞትና ልጅ ሲሰደድ ግን ያ ራሱን የቻለ እርሻ በስንት እጅ ተደግፎ ቆሞ እንደነበር ይገለጣል።

ታዲያ ስንቅ ቋጥሮ መሄድ ይበቃል? መጀመሪያ እንዲህ አስቤ ነበር። ሐሳቤን ለአንድ ሽማግሌ ባማክራቸው፣ «እንግዳ በሰው ደጅ ተቀምጦ ከከረጢቱ እያወጣ ሲበላ፣ ያቺ ሴት ለመንደሩ ምን ብላ ትንገር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና የኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ሕግ አጫጁ የማሳውን ዳርና የረሳውን ነዶ ለድኻው፣ ለመጻተኛውና ለመበለቲቱ እንዲተው ያዛል። ልብ ያላልሁት ነገር ነበር። ሕጉ ባለ ማሳው ሰብስቦ ከቤታቸው እንዲያደርስላቸው አላዘዘም፤ እነርሱው መጥተው በእጃቸው እንዲቃርሙ ተወላቸው። ሩትም ከቦዔዝ ማሳ የወሰደችው እህል ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ የለቀመችው ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ እንዲሆን የተፈረደበት ሰው እህል ቢሞላለትም ክብሩ ይጎድላል። የመበለቲቱን ብድር ያበዛው ምሳ፣ እንግዲህ፣ ለእሳቸው ክብራቸውም ነበር። ይህን ቋጠሮ በሙሉ ፈትቼዋለሁ አልልም።

በተከታዩ ነሐሴ ተመልሰን ሄድን፤ ስድስት ብቻ ሆነን፣ አስቀድመንም የሚመቻቸውን ቀን ጠይቀን። ሽሮና ዱቄት በዋዜማው ለጎረቤታቸው አድርሰን ስለ ነበር ምሳው ከማን ቤት እንደ ወጣ ማንም አልጠየቀም። ሁለት ወንዶች ውኃ ለመቅዳት ወረዱ፤ የቤቱ ሴት ልጆችም ያን ቀን ከእኛ ጋር ማሳ ውለው ሲሳሳቁ ሰማናቸው።

እርግጥ ነው፣ ማረሙም እንደ አጨዳው ሙያ ይጠይቃል። ገና ለጋ የሆነው ጤፍና በውስጡ የበቀለው የሣር ዓይነት አረም ላልለመደ ዓይን መንታ ናቸው። ከእኛ መካከል አንዱ ጤፉን እየነቀለ አረሙን ሲተው ያዩት እናት ጮኸው ሳቁና፣ እሱንም እኔንም ከማሳው አስወጥተው ፍግ ወደ እንሰቱ እንድንሸከም አዘዙን። ፍጉን ከእንሰቱ ሥር ምን ያህል አርቀን እንደምናፈስ በእግራቸው እየለኩ አሳዩን፤ እሳቸው ግን ከልጃገረዶቹ አጠገብ በጉልበታቸው ተንበርክከው አንዱን ከአንዱ የሚለዩበትን ሲያስተምሩ ዋሉ።

ስንሰናበት ለእያንዳንዳችን አንዳንድ እስር ጎመን ከጓሯቸው ቈርጠው አቀረቡልን። እኔ ያለፈውን ኅዳር አስቤ እጄን ሰበሰብሁ፤ «እማማ፣ ለቤትዎ ይሁን» ለማለት አፌን ከፈትሁ። ከወጣቶቹ አንዲቱ ግን ቀድማኝ በሁለት እጇ ተቀበለችና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። እሳቸውም ፊታቸው በርቶ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እጄን ዘረጋሁ።