ምክትሉ በምን ይመዘን?

ምክትል ዕጩ ሲመረጥ አስቀድሞ የሚሰላው ብሔሩና ሃይማኖቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ናይጄሪያ ውስጥ ሞሹድ አቢዮላ እንደሳቸው ሙስሊም የሆኑትን ባባ ጋና ኪንጊቤን ምክትላቸው ሲያደርጉ «ሁለት ሙስሊሞች እንዴት ይሆናል?» ተባለ። ተቀናቃኛቸው ሙስሊሙ ባሽር ቶፋ ግን ክርስቲያን ምክትል ይዘው ቀረቡ። ስሌቱ አልሠራም፤ ቶፋ በገዛ ግዛታቸው በካኖ እንኳ ተሸነፉ።

ወታደራዊው መንግሥት ምርጫውን ሰረዘ። ከዚያስ? ኪንጊቤ በዚያው ዓመት የጄኔራል አባቻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ (በእርግጥ ሹመቱን የተቀበሉት እሳቸው ብቻ አልነበሩም)። አቢዮላ «ያሸነፍኩት እኔ ነኝ» በማለታቸው በ1994 ታሰሩ፤ በ1998 እንደታሰሩ ሞቱ። ለመሆኑ አንባቢያን፣ ስለ ኪንጊቤ ሃይማኖት ያን ያህል ሲከራከሩ ከነበሩት መካከል ስለ አማናቸው የጠየቀ ስንቱ ይሆን?